የሐሰተኛ መረጃንና የፖለቲካ ተሳትፎን ግንኙነት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማጥናት፦ ከጥያቄ ቀረጻ እስከ ትንተና፣ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ በአማርኛ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ከሰዎች የፖለቲካ ተሳትፎ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት ለተነሡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። በዚህ ርእስ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ዲፌንስ ላይ በተደጋጋሚ የሚሰናከሉት በስታቲስቲክሱ ሳይሆን ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ሊጠገኑ በማይችሉ ጥቂት ስሕተቶች ምክንያት ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳይጨርሱም አንድም ልጥፍ አይሰብስቡ።

ደረጃ 1፦ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ለሁለት ይክፈሉት

በአማርኛ «ተሳትፎ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። አንዱ ሰዎች ለአንድ ልጥፍ የሚሰጡት ምላሽ ነው፤ ላይክ ማድረግ፣ አስተያየት መጻፍ፣ ማጋራት። ሌላው ከስልኩ ውጭ ያለ ፖለቲካዊ ተግባር ነው፤ ለመራጭነት መመዝገብ፣ ድምፅ መስጠት፣ ስብሰባ መሄድ፣ አቤቱታ መፈረም፣ ለፓርቲ ገንዘብ ማዋጣት። የመጀመሪያውን ከልጥፉ ላይ መቁጠር ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን ሰውየውን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። አንድ ሺህ ላይክ አንድ ሺህ መራጭ አይደለም።

1. የጥናት ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።
2. በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የመጀመሪያውን «የልጥፍ ምላሽ»፣ ሁለተኛውን «ፖለቲካዊ ተሳትፎ» ብለው ይጥሩ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስም አይቀያይሯቸው።
3. የልጥፍ ምላሽን የሚያጠኑ ከሆነ ደረጃ 8ን ይዝለሉት። ፖለቲካዊ ተሳትፎን የሚያጠኑ ከሆነ መጠይቅ ወይም ቃለ መጠይቅ የግድ ያስፈልግዎታል።

ስሕተቱ ከተፈጠረ በኋላ፦ ፕሮፖዛልዎ «ፖለቲካዊ ተሳትፎ» እያለ በእጅዎ ያለው የላይክና የሼር ቁጥር ብቻ ከሆነ ርእሱን ከአማካሪዎ ጋር ሆነው ያስተካክሉ። ዳታው ያልያዘውን እንዲናገር ማስገደድ ግን ፈታኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ጉድለት ነው።

ደረጃ 2፦ «ሐሰት» የሚባለው ምን እንደሆነ ልጥፎቹን ሳያዩ ይወስኑ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊወስድብዎ ይገባል። መስፈርቱን ልጥፎቹን እያየ የሚያወጣ ሰው የማይስማማበትን ሐሰት፣ የሚስማማበትን ደግሞ «ያልተረጋገጠ» ማለቱ አይቀርም። የሚያደርገውም ሳያውቀው ነው።

1. የመለኪያ አሐዱን ይወስኑ። የሚመዘነው ልጥፉ በሙሉ ሳይሆን በልጥፉ ውስጥ ያለው አንድ ሊጣራ የሚችል አባባል ይሁን። አስተያየት፣ ትንቢት፣ ስድብና ምኞት አይጣራምና «አይመለከተውም» በሚል ለብቻው ይመድቡት።
2. ከሁለት በላይ ምድብ ያዘጋጁ። «እውነት» እና «ሐሰት» ብቻቸውን አይበቁም። «ሐሰት»፣ «አሳሳች»፣ «ከአውዱ ውጭ የቀረበ»፣ «ያልተረጋገጠ»፣ «እውነት» የሚሉት አምስቱ ለአብዛኛው ጥናት ይሠራሉ።
3. ለእያንዳንዱ ምድብ የሚያስፈልገውን ማስረጃ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ለምሳሌ «ሐሰት» ለማለት እርስ በርስ የማይቀዳዱ ሁለት ምንጮች፣ ወይም የምስሉ የቀድሞ ቅጂ ከነቀኑ መገኘት አለበት ብለው ይደንግጉ።
4. የአንድ ወገን ማስተባበያ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ይጻፉ። መንግሥትም ሆነ ተቃዋሚ «አስተባበለ» ማለት አባባሉ ተጣራ ማለት አይደለም።

አንድ ልጥፍ በቅርብ እንይ። በእሳት የተቃጠለ የጭነት መኪና ፎቶ አለ እንበል፤ ከላዩ «ትናንት ማታ በዚህ መንገድ ላይ መኪኖች ተቃጠሉ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ሲፈልጉት ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ሆኖ ያገኙታል፤ ነገር ግን በተባለው መንገድ ላይ በዚያች ሌሊት መኪና መቃጠሉ እውነት ነው። ይህን ልጥፍ አንዱ ኮድ ሰጪ (ልጥፎቹን አንብቦ በየምድባቸው የሚመድብ ሰው) «ሐሰት»፣ ሌላው «እውነት» ይለዋል፤ ሁለቱም የሚከራከሩበት ምክንያት አላቸው። መፍትሔው ለጽሑፉ አንድ ዓምድ፣ ለምስሉ ሌላ ዓምድ መስጠት ነው። ጽሑፉ «እውነት»፣ ምስሉ «ከአውዱ ውጭ የቀረበ» ይሆናል፤ ክርክሩም ያበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሕጉን ትርጉም እንደ ኮድ መስፈርት አይጠቀሙ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ሲተረጉም መልእክቱ ሐሰት ከመሆኑ በተጨማሪ የአሰራጩን ማወቅ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆኑን፣ እንዲሁም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉን ይጠይቃል። እርስዎ ከልጥፉ ላይ የሰውን ልብ ማንበብ አይችሉም፤ መመዘን የሚችሉት አባባሉን ብቻ ነው።

ስሕተት ሲፈጠር፦ ኢንተርኔት ከተቋረጠበትና ጋዜጠኛ ካልደረሰበት አካባቢ የመጣ አባባል ማጣራት ካልቻሉ «ያልተረጋገጠ» ብለው ይተዉት። ይህ ምድብ ሲበዛ አይደንግጡ፤ ብዛቱ ራሱ ግኝት ነው።

ደረጃ 3፦ ፈቃድና የሰዎች ደኅንነት

1. ከተቋምዎ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። «ልጥፉ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩንም ያስታውሱ።
2. የግለሰቦችን ስም ሲሰበስቡ ወዲያውኑ በመለያ ቁጥር ይተኩ። ስምና ቁጥር የሚያገናኘውን ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፈው ለብቻው ያስቀምጡ።
3. የግለሰብ ልጥፍን ቃል በቃል አይጥቀሱ። አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ በጉግል ሲፈለግ ባለቤቱን በቀጥታ ያሳያል። ሐሳቡን በራስዎ ቃል ያቅርቡ። የፓርቲና የሚዲያ ተቋማት ገጾችን ግን በስማቸው መጥቀስ ይቻላል።
4. ኮድ ሰጪዎች የአስከሬንና የጥቃት ምስሎች እንደሚያዩ አስቀድመው ይንገሯቸው። በቀን የሚያዩትን መጠን ይወስኑ፤ ማቆም የፈለገ ያለ ምክንያት እንዲያቆም ይፍቀዱ። ይህን ነጥብ እንደ ማሟያ አይቁጠሩት፤ የገዛ መንደራቸውን ምስል ኮድ እንዲሰጡ የሚጠየቁ ወጣቶች አሉ።

ደረጃ 4፦ ዳታው ከየት እንደሚገኝ ያረጋግጡ

ብዙ ፕሮፖዛሎች ዛሬም ድረስ «ዳታው በክራውድታንግል ይሰበሰባል» ይላሉ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ይህን የሕዝብ ልጥፎች መሰብሰቢያ መሣሪያ ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ዘግቶታል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የመረጡት መንገድ ክፍት መሆኑን በራስዎ ይሞክሩ።

ፌስቡክ። ምትኩ የሜታ ኮንቴንት ላይብረሪ ነው። ለዩኒቨርሲቲና ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ተመራማሪዎች በማመልከቻ ይሰጣል፤ ማመልከቻው በተቋም ስም ስለሚቀርብና ጊዜ ስለሚወስድ ፕሮፖዛሉ በጸደቀበት ሳምንት ያስገቡ። ካልተፈቀደልዎ የተወሰኑ የሕዝብ ገጾችን መርጠው በእጅ ይመዝግቡ። አድካሚ ቢሆንም የሚያሳፍር ዘዴ አይደለም።

ቴሌግራም። ለሕዝብ ክፍት የሆነን ቻናል በቴሌግራም ዴስክቶፕ «የቻት ታሪክን ላክ» በሚለው ትእዛዝ በጄሰን ፋይል ማውረድ ይቻላል። የእይታና የማስተላለፍ ቁጥር ከፈለጉ ቴሌቶን የተባለውን የፓይተን መሣሪያ ይጠቀሙ። አንድ ልጥፍ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ እዚያ የታየው እይታ በዋናው ልጥፍ ላይ ይደመራልና የእይታን ቁጥር የቻናሉ አባላት ቁጥር አድርገው አይተርጉሙ።

ዩቲዩብ። የዩቲዩብ ዳታ ኤፒአይ (ፕሮግራም ከመድረኩ ዳታ የሚጠይቅበት በር) በነጻ የሚሰጠው መደበኛ የቀን ድርሻ 10,000 ነጥብ ሲሆን አንድ ፍለጋ 100 ነጥብ ይበላል። ቻናሎቹን ለይተው የሚያውቁ ከሆነ ፍለጋውን ትተው የእያንዳንዱን ቻናል የቪዲዮ ዝርዝር ይጥሩ፤ እያንዳንዱ ጥሪ 1 ነጥብ ብቻ ይፈጃል።

ቲክቶክ። የተመራማሪዎች ኤፒአይ የተከፈተው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ተቋማት ነው። ከኢትዮጵያ ሆነው የሚያጠኑ ከሆነ በእጅ መመዝገብን ያቅዱ፣ ወይም በዚያ ካለ ተባባሪ ተመራማሪ ጋር ይሥሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ናሙናውን እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያሉ አጣሪዎች ካጣሯቸው ልጥፎች ብቻ አይውሰዱ። አጣሪዎች የሚመርጡት ብዙ ሰው ያየውን ነው፤ እርስዎም መጨረሻ ላይ «ሐሰት በስፋት ይሰራጫል» ብለው ቢደመድሙ የለኩት የእነርሱን ምርጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳይንስ መጽሔት የወጣውና 126,000 ገደማ የትዊተር ሥርጭቶችን የመረመረው የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ጥናት በስድስት አጣሪ ድርጅቶች ውሳኔ ላይ የቆመ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ጥያቄ አስቀድመው ስላዩት በየትኛውም አጣሪ ያልተነኩ ልጥፎችን ለብቻ ሰብስበው ውጤታቸውን ፈትሸዋል። እርስዎም ከአጣሪዎች ዝርዝር ጎን በዕጣ የተመረጠ ናሙና ይያዙ።

ደረጃ 5፦ የፍለጋ ቃላትን በሁሉም አጻጻፋቸው ያዘጋጁ

አማርኛ አንድን ድምፅ በብዙ ፊደል ይጽፋል። የፍለጋ ሳጥኑ ደግሞ የሚያውቀው የሰጡትን ፊደል ብቻ ነው። «ጸጥታ ኃይል» የሚለውን ሐረግ ይውሰዱ። «ጸ» በ«ፀ» ሊጻፍ ይችላል፤ «ኃ» ደግሞ በ«ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ» እና «ኀ» ተጽፎ ያገኙታል። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው የሰበሰበው በዚያ አጻጻፍ የሚጽፉትን ነው፤ አጻጻፍ ደግሞ ከትምህርት ደረጃና ከሚዲያ ቤት ልማድ ጋር ስለሚሄድ ጉድለቱ በዕጣ የመጣ አይሆንም።

1. ለእያንዳንዱ ቃል የሞክሼ ፊደላትን ልዋጮች በሙሉ በሠንጠረዥ ይዘርዝሩ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ።
2. የፊት ቅጥያዎችን ይጨምሩ። «ምርጫ» ብቻ ሳይሆን «የምርጫ»፣ «በምርጫው»፣ «ስለምርጫ»፣ «ከምርጫ».
3. ምሕጻረ ቃላትን፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አማርኛንና ሰዎች ለባለሥልጣናትና ለቡድኖች የሚሰጧቸውን ቅጽል ስሞች ያካትቱ። የኋለኛውን ለማግኘት የአስተያየት መስጫዎችን ለአንድ ሳምንት ያንብቡ።
4. ቃላቱን በትንሽ ናሙና ይፈትኑ። «ምርጫ» ብለው ሲፈልጉ «ለቤትዎ ምርጥ ምርጫ» የሚል የሶፋ ማስታወቂያ ይመጣል፤ «ሐሰተኛ ዜና» ብለው ሲፈልጉ ደግሞ የሚያገኙት ሐሰተኛውን ዜና ሳይሆን ስለ ሐሰተኛ ዜና የሚያወሩትን ነው።
5. ትግርኛም በግእዝ ፊደል ስለሚጻፍ «ፊደሉ ግእዝ ከሆነ አማርኛ ነው» የሚል ማጣሪያ አይጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በፖስተር ምስል ላይ የተጻፈና በቀጥታ ሥርጭት የተነገረ ነገር በቃል ፍለጋ አይገኝም። ጥናትዎ እነዚህን ካላካተተ ይህንኑ በወሰን ክፍሉ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ ይሰብስቡ፣ ከዚያ ዋናውን ፋይል አይንኩ

1. ልጥፎችን በተመሳሳይ ዕድሜያቸው ይመዝግቡ፤ ለምሳሌ እያንዳንዱን ከወጣ በሰባተኛው ቀን። የትናንትን ልጥፍ ከስድስት ወር በፊት ከወጣው ጋር በላይክ ቁጥር ማወዳደር አይቻልም።
2. አስፈላጊ የሆኑ የሕዝብ ገጾችን ልጥፎች ወዲያው በዌይባክ ማሽን ያስቀምጡ፣ የማያ ገጽ ፎቶም ያንሡ። ሐሰተኛ ልጥፍ ቶሎ ይጠፋል።
3. ዋናውን ፋይል «አይነካ» በሚል አቃፊ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሥራዎን ሁሉ በቅጂው ላይ ይሥሩ።
4. የአጻጻፍ ልዋጮችን ወደ አንድ ፊደል ሲያመጡ አዲስ ዓምድ ይክፈቱ እንጂ በዋናው ጽሑፍ ላይ አይተኩ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ኤክሴል ነው። የሲኤስቪ ፋይልን በድርብ ጠቅታ ሲከፍቱት አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ፈጽሞ አያስቀምጡት። ባዶ ገጽ ከፍተው «ዳታ» በሚለው ዝርዝር በኩል ዩቲኤፍ-8 ብለው ያስገቡት። ከዚህ የከፋው ኤክሴል ከቁጥር የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን 15 አኃዞች ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ የሚረዝም የልጥፍ መለያ ቁጥር መጨረሻው ወደ ዜሮ ይለወጥና ልጥፉ ዳግመኛ አይገኝም። የወራት ልፋቷ በዚህ መንገድ ከምንጩ ጋር የተቆራረጠባትን ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የዳናት በሌላ ፍላሽ ላይ የቀረ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ፋይሉን ሲያስገቡ የመለያ ቁጥሩን ዓምድ «ጽሑፍ» ብለው ይሰይሙ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ኤፒአዮች የሚሰጡት ሰዓት ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሲሆን ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በዩቲሲ ሰኔ 13 ቀን 21፡30 ተብሎ የተመዘገበ ልጥፍ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ከሌሊቱ 6፡30 የወጣ፣ ማለትም የምርጫው ዕለት ልጥፍ ነው። ሦስት ዓምድ ይያዙ፤ አንዱ ለዩቲሲ፣ አንዱ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ አንዱ ለኢትዮጵያ ቀን።

ደረጃ 7፦ ኮድ መስጠት

1. ቢያንስ ሁለት ኮድ ሰጪዎች ይያዙ፤ የፖለቲካ ዝንባሌያቸው አንድ ዓይነት ባይሆን ይመረጣል።
2. በናሙናው ውስጥ በሌሉ 50 ያህል ልጥፎች ያሠልጥኗቸው። የተለያዩበትን አንድ በአንድ ያወያዩ፤ የኮድ መዝገቡንም (የምድቦቹን መስፈርት የያዘውን ሰነድ) ያስተካክሉ።
3. ከዚያ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሥሩ። የልጥፉን ባለቤት ስምና የላይክ ቁጥር ይሸፍኑባቸው።
4. ስምምነታቸውን በክሪፐንዶርፍ አልፋ ወይም በኮኸን ካፓ ያስሉ፤ ሁለቱም በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት የሚቀንሱ መለኪያዎች ናቸው። ለአልፋ 0.80 እና ከዚያ በላይ ተቀባይነት አለው፤ ከ0.667 በታች ከሆነ አይቀጥሉ።

«በ92 ከመቶው ተስማምተዋል» ብሎ መጻፍ ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እንየው። ከ100 ልጥፎች በ2ቱ ሁለቱም «ሐሰት» አሉ፣ በ90ዎቹ ሁለቱም «አይደለም» አሉ፣ በ4ቱ የመጀመሪያው ብቻ፣ በሌሎቹ 4 ሁለተኛው ብቻ «ሐሰት» አለ። ስምምነቱ 92 ከመቶ ነው፤ ካፓው ግን 0.29 ብቻ ነው። ምክንያቱም ሐሰት የተባለው ጥቂት ስለሆነ ሁለት ሰዎች በግምት ብቻ «አይደለም» እያሉ ቢቀጥሉም አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። የጥናትዎ ዋና ጉዳይ በሆኑት ሐሰተኛ ልጥፎች ላይ ግን ከአሥሩ የተስማሙት በሁለቱ ነው።

ስምምነቱ ዝቅ ካለ፦ ኮድ ሰጪዎቹን አይቀይሩ፣ ቁጥሩንም እስኪያምር አይደጋግሙ። የትኛው ምድብ እንዳለያያቸው ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ በሽሙጥና በሰምና ወርቅ የተጻፉ ልጥፎች ላይ ነው። ለእነዚህ የተለየ ደንብ ጨምረው በአዲስ 50 ልጥፎች እንደገና ያሠልጥኑ፤ የተጠናቀቀውንም ኮድ ከመጀመሪያው ይድገሙት።

ደረጃ 8፦ መጠይቅ ካለዎት

«ባለፈው ወር ሐሰተኛ ዜና አይተዋል?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ የሚለካው ሰውየው የማያምነውን ዜና ብዛት ነው። ይልቁንም ርእሶችን ያሳዩና አይቷቸው እንደሆነ፣ አምኗቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ከእውነተኞቹና ከሐሰተኞቹ ጋር እርስዎ የፈጠሯቸውን፣ የትም ያልወጡ ርእሶች ይቀላቅሉ። የአሜሪካን የ2016 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ያጠኑ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን ሲያደርጉ በእውን የተሰራጩትን ሐሰተኛ ርእሶች ማየቱን የተናገረው ሰው 15 ከመቶ ገደማ፣ የትም ያልወጡትን ርእሶች «አይቻለሁ» ያለው ደግሞ 14 ከመቶ ገደማ ነበር። ይህ ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ 15ቱ ከመቶ በሙሉ እንደ እውነት ይወሰድ ነበር።

መጠይቁ ሲያበቃ የትኞቹ ርእሶች ሐሰት፣ የትኞቹም የእርስዎ ፈጠራ እንደነበሩ ለእያንዳንዱ መላሽ ይንገሩ። የፈጠሯቸው ርእሶች ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም ግድያን የሚነኩ አይሁኑ፤ ከመጠይቅዎ የወጣ ወሬ መንደር ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 9፦ ትንተና

1. አስቀድመው የኢንተርኔት መቋረጦችን በጊዜ መስመርዎ ላይ ያስምሩ። በሰኔ 2012 መጨረሻ የጀመረውና ሦስት ሳምንት ገደማ የቆየው መቋረጥ፣ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ የሆነው፣ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ላይ የተጣለው እገዳ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ በሙሉ ይመዝገቡ። በእነዚህ ጊዜያት የምላሽ ቁጥር ሲወርድ «ሕዝቡ ፍላጎቱ ቀነሰ» ማለት ስሕተት ነው። የቀሩት ድምፆች በአብዛኛው ከውጭ አገርና ከቪፒኤን ተጠቃሚዎች የመጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከመቋረጡ በፊትና በኋላ ያለውን ለየብቻ ይተንትኑ።
2. አማካይን ብቻ አይዘግቡ። ዘጠኝ ልጥፎች እያንዳንዳቸው 40 ጊዜ፣ አሥረኛው 9,000 ጊዜ ቢጋሩ አማካዩ 936 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልጥፍ ግን የለም። ሚዲያኑ (ልጥፎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር) 40 ነው፤ ሁለቱንም ይዘግቡ። ለሪግሬሽን ደግሞ እንዲህ ላለው የቁጥር ሥርጭት የሚስማማውን ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ይጠቀሙ።
3. የገጹን ተከታዮች ብዛት ይቆጣጠሩ፤ ብዙ ልጥፎች ከአንድ ገጽ የመጡ ከሆነም ይህንን በሞዴሉ ውስጥ ያስገቡ።
4. በአንድ ጊዜ ከተሰበሰበ ዳታ «ሐሰተኛ መረጃ ተሳትፎን ጨመረ» ብለው አይጻፉ። ቀድሞውኑ በፖለቲካ የሚሳተፍ ሰው ብዙ ይከታተላል፤ ብዙ ስለሚከታተልም ሐሰቱን ያያል። «ከዚህ ጋር ይያያዛል» ይበሉ።

ደረጃ 10፦ ሪፖርትና ዳታን ማስቀመጥ

የሰረዟቸውን ልጥፎች ብዛት ከነምክንያታቸው፣ የፍለጋ ቃላቱን ከነልዋጮቻቸው፣ የኮድ መዝገቡንም በአባሪ ያቅርቡ። የሐሰተኛ ልጥፍ ምስል ማሳየት የግድ ከሆነ በምስሉ ላይ ራሱ «ሐሰት» የሚል ማኅተም ያድርጉበት፤ ከሥሩ የሚጻፍ መግለጫ ምስሉ ሲቆረጥ ይቀራል። ድምዳሜዎ የአማርኛ ልጥፎችን ብቻ እንደሚመለከት ይግለጹ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማልኛ የሚካሄደውን ውይይት አላዩትምና «የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያ» ብለው አይጠቅልሉት።

ለሌሎች ተመራማሪዎች የሚያጋሩት ከኮዱ ጋር የሕዝብ ገጾችን ልጥፎች መለያ ቁጥር ይሁን፤ የግለሰቦቹን ልጥፎች ጽሑፍም መለያም አያጋሩ። ስምና ቁጥር የሚያገናኘውን ፋይል የሥነ ምግባር ኮሚቴው በፈቀደው ቀን ከኮምፒውተሩም፣ ከፍላሹም፣ ከኢሜይሉም ያጥፉ፤ ያጠፉበትንም ቀን በጥናት መዝገብዎ ላይ ይጻፉ።